አስራ አንድ ቀን የፈጀው ተጎታች

አባቴ ተጎታቹን ለመሥራት አስራ አንድ ቀን ፈጀበት። በያጁ ገና ብረቱን ሳያየው «የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ሻይ የምትጋብዙኝ ከሆነ ሦስት» ብሎ ነበር። ቀኖቹን በግቢያችን የብረት በር ላይ በጠመኔ እየጫርኩ ቆጥሬያቸዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ተጎታቹ ቶሎ እንዲያልቅ ከልቧ የምትፈልግ እኔ ብቻ እንደነበርኩ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

የሚጫነው የእናቴ ሞተር ነው። እናቴ ከመንደር መንደር እየዞረች ሕፃናት ትከትብ ነበር። ሞተሯ ግራጫ ነው፤ ከኋላው የክትባት መያዣ ቀዝቃዛ ሣጥን ታስሮበታል። ድምፁ ሲሰማ የሠፈር ልጆች አልጋ ሥር ይገባሉ። እኔን ትምህርት ቤት ደፍሮ የሚመታኝ አልነበረም፤ «እናቷን ታመጣብሃለች» ይባባላሉ።

የዚያን ዓመት እናቴ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ከተማ ተዛወረች። «መሥሪያ ቤቱ አዛወረኝ» አለችኝ። መሥሪያ ቤት ማለት ሰውን እንደ ወንበር ከዚያ አንስቶ እዚህ የሚያስቀምጥ አንድ ትልቅ ሰውዬ መሰለኝ። ትምህርት ሲዘጋ እሷ ጋ እንደምከርም ተነገረኝ፤ ደስ አለኝ።

ዝውውሩን ራሷ እንደጠየቀች፣ ሁለት ጊዜ ተከልክላ በሦስተኛው እንደተፈቀደላት ያወቅኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ የጡረታ ወረቀቶቿን ሳስተካክልላት ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የግል ጉዳይ» ብላ ጽፋለች። የግል ጉዳይዋ አባቴ ነበር።

የአባቴ ጥፋት ምን ነበር ብባል ዛሬም ይህ ነው የምለው የለኝም። አይጠጣም፣ አይማታም፣ አያመሽም። አይናገርምም። ስለ ማሽን ካልሆነ በቀር ከአፉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ እናቴ ታማ አንድ ሳምንት ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን አባቴ መፍቻ ይዞ ገባና የአልጋዋን እግሮች ቡሎን አጥብቆላት ወጣ። አልጋው መንቋቋቱን አቆመ። እናቴ ለጠያቂ ሁሉ «ቡሎኔን አጥብቆልኛል፣ ድኛለሁ» ትል ነበር። ጠያቂው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ታዲያ እናቴ ሞተሯን ራሷ ነድታ ልትሄድ እንዳሰበች ስትናገር አባቴ ከሻዩ ላይ ቀና አለና፣ «ያን ሁሉ መንገድ በከባድ መኪና መሀል በሞተር አትሄጂም። ተጎታች ሠርቼ እኔ አደርሰዋለሁ» አለ። አክስቴ እንኳ ዳቦዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆመች።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። በዚያው ሳምንት ነው እኛ ቤት የመጣችው፣ ትራሷን በክንዷ ይዛ። የእኛን ትራስ ስለናቀች መስሎኝ ተቀየምኳት። ትራሱን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ቶሎ እንደማይሄድ አላውቅም ነበር።

«ሰኞ ጠዋት እዚያ ተገኝታ ካልፈረመች ቦታው ለሌላ ሰው ነው የሚሰጠው» ስትል ሰማኋት፣ በአጥሩ ላይ ለጎረቤታችን። «የዛሬ ሳምንት ያለው ሰኞ።»

«ባልየውስ ምን አለ?» አለች ጎረቤታችን።

«እሱማ ብረት ይቆርጣል።»

እውነቷን ነበር። አባቴ ብረት ይቆርጣል፣ በያጁ ይበይዳል። በያጁን ሠፈሩ ሁሉ መነጽር ነው የሚለው፤ ጥቁሩን የብየዳ መነጽር ሻይ ሲጠጣ እንኳ አያወልቅም። ዓይን እንደሌለው ነበር የማምነው።

በሁለተኛው ቀን ተጎታቹ ተጎታች መሰለ፤ ሁለት ጎማ፣ የቱቦላሬ ብረት አልጋ፣ ከፊት ከአባቴ መኪና ጋር የሚያያዝበት ረጅም ምላስ። መነጽር እጁን ታጠበ። አባቴ ግን በላዩ ላይ ወጣና ዘለለ።

«ወለሉ ይሳሳል» አለ።

ሳንቃው ተነሣ፣ ወፍራም ሳንቃ ተመታ። በአራተኛው ቀን የሞተሩን የፊት ጎማ ቆልፎ የሚይዘው ማቀፊያ በሁለት ጣት ሰፋ፤ ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። በስድስተኛው ቀን ጭነቱ ወደ ኋላ አመዘነ፤ ወደ ኋላ ያመዘነ ተጎታች መንገድ ላይ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል፣ መኪናውን ይዞ ገደል ይገባል አለ አባቴ፤ ማቀፊያው ወደ ፊት ተጠጋ። በሰባተኛው ቀን መብራቱ ተሠራ። በስምንተኛው ቀን ቀለም ተቀባ። አባቴ ጠዋት ተነሥቶ አየውና እንደገና ቀባው።

«ሰውዬ» አለ መነጽር፣ ብሩሹን ሲያይ፣ «ሞተር ነው የምትጭነው ወይስ እንቁላል?»

«መንገድ ላይ የሚወድቅ ዕቃ የወደቀው እቤት ነው» አለ አባቴ። «እቤት ካላሠርከው እዚያ ብትጮህ ዋጋ የለውም።»

«ይሁን እንጂ በዚህ አያያዝህ ሴትየዋ ጡረታ ትወጣለች።»

እናቴ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆና ይህን ሰማች። ሳቀች መሰለኝ፤ ጀርባዋን ነው ያየሁት።

እኔ በአባቴ ተናደድኩ። የመንገዱ ዕለት በመኪናው የፊት ወንበር ከአባቴና ከእናቴ መሀል እንደምቀመጥ ቃል ተገብቶልኝ ነበር። ከሁለቱ መሀል ተቀምጬ አላውቅም፤ እቤት እንኳ የሚቀመጡት አንዱ በረንዳ፣ አንዷ ወጥ ቤት ነው። ለዚያ ቀን አንገትጌው ነጭ የሆነ ቀሚሴ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ የአስተሳሰር ልምምድ ሆነ። አባቴና እናቴ ሞተሩን በሳንቃ ላይ እየገፉ ተጎታቹ ላይ አወጡት፤ የፊት ጎማው ማቀፊያው ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«ዳዶዬ፣ ውጪበት» አለኝ አባቴ። በቡሎን ማጥበቂያው ስም ዳዶ የሚለኝ ትንሽ ስለሆንኩና ቶሎ ስለምጠፋ ነው። ወጥቼ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ማሠሪያው እስኪጠብቅ ድረስ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ከዚያ ላይ ሆኜ የሁለቱን አናት አየሁ፤ የእናቴን ለሁለት የተከፈለ ፀጉር፣ የአባቴን መሳሳት የጀመረ መሀል አናት። እንደዚያ ተጠጋግተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ማሠሪያውን ከእጀታው ላይ አትሰሪ፣ ይጣመማል» አላት። «ከሥሩ ካለው ወፍራም ብረት። ሁለት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ። ግራውን ስትስቢ ቀኙንም እኩል ሳቢ፤ አንዱን ብቻ ከሳብሽ ያጋድላል።»

«እሺ።»

«አሞርዛተሩን፣ ይሄን የፊቱን ስፕሪንግ፣ እስከ ግማሽ ብቻ ተጫኚው። እስከ መጨረሻ ከጫንሽው መተንፈሻ ያጣል፤ ጉድጓድ ሲመታ ማሠሪያውን ይበጥሰዋል። ዝም ብለሽ ከለቀቅሽው ደግሞ ይዘላል።»

«ግማሽ።»

«አዎ። መተንፈሻ ተይለት።»

«ይሄን ከየት ተማርከው?»

«ምኑን?»

«መተንፈሻውን።»

አባቴ አሰበ። «ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ አለ» አለ።

እናቴ ማሠሪያውን ሳበች፤ ሞተሩ ከሥሬ በቀስታ ዝቅ አለ። መነጽር አንድ ጥግ ላይ ሽቦ ይጠቀልላል፤ ተጠቅልሎ ያለቀውን ፈትቶ እንደገና ይጠቀልላል።

«ሌላስ የምትለኝ አለ?» አለች እናቴ።

«የጎማውን ነፋስ ጠዋት ጠዋት እዪ።»

«ሌላስ?»

«ሰንሰለቱ እንዳይደርቅ።»

«ሌላ?»

አባቴ ሞተሩን ዞረው፤ በእውነት ነበር የሚፈልገው፣ የሚላትን። «ሃያ ኪሎ ሜትር ስንሄድ ቆመን ማሠሪያውን ደግመን እናጠብቃለን» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ላይ ይላላል።»

እናቴ እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች። ጎበዝ ተማሪ ናት አልኩ በልቤ። እኔ መምህር «ጥያቄ ያለው?» ሲለን አንገቴን ነበር የምደፋው።

ቅዳሜ ፒኑ ጠፋ።

ፒኑ የተጎታቹን ምላስና የመኪናውን ጋንች ሰፍቶ የሚይዘው ብረት ነው፤ ውፍረቱ የአውራ ጣት፣ ርዝመቱ ስንዝር። ጠዋት አባቴ እጅ ላይ አይቼዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ «ፒኑ የለም» አለ። እሱ ከሌለ ተጎታቹ ጋሪ ነው።

ሁላችንም ፈለግን። መነጽር የብረት ቁርጥራጩን በማግኔት አበጠረ። አክስቴ የዱቄት ቆርቆሮውን ገለበጠች።

«እትዬ፣ ዱቄት ውስጥ ምን ይሠራል?» አለቻት እናቴ።

«የጠፋ ነገር የሚፈለገው ሊኖር በማይችልበት ነው። ሊኖር በሚችልበትማ ቢኖር ይገኝ ነበር።»

አባቴም ፈለገ። መኪናው ሥር በሆዱ ተኝቶ፣ ባትሪ ይዞ፣ ከሁሉም በላይ በደንብ የፈለገው እሱ ነው። አንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ።

«ተወው» አለ መነጽር፣ «ፌሮ ቆርጬ በአምስት ደቂቃ አበጅልሃለሁ።»

«ፌሮ መንገድ ላይ ይቆረጣል። ልጅ ይዤ ነው የምሄደው።»

«ነገ እኮ እሑድ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው።»

«እንግዲህ ሰኞ እገዛለሁ» አለ አባቴ፣ ከመኪናው ሥር።

ሁሉም እናቴን አዩ። እናቴ ከገመዱ ላይ ልብስ ታነሣ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ለምን በአውቶቡስ አትሄጂም?» አለች አክስቴ። «በየሰዓቱ አለ። ሞተሩ ኋላ ይደርስልሻል።»

«ሞተሬን ጥዬ አልሄድም» አለች እናቴ። ቀሚሴን አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። «ነገም ቀን ነው።»

እሑድ ጠዋት አንድ ነገር ልሥራ አልኩ። መንገድ የሚሄድ ሰው ጥሩ ጫማ ያደርጋል፤ የአባቴ የክት ጫማ አልጋው ሥር ካርቶን ውስጥ ነው፤ አቧራውን አራግፌ፣ ቀለም ቀብቼ ላስደስተው። ካርቶኑን ጎተትኩት። የቀኙን ጫማ አወጣሁ። የግራውን ሳነሣ ከበደኝ።

ውስጡ ካልሲ ነበር። ካልሲው ውስጥ ፒኑ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አባዬ ዕቃ ጥሎ አያውቅም፤ ስለዚህ የሰረቀው አይጥ ነው። አይጥ ካልሲ ውስጥ እንዴት ይጠቀልላል የሚለው ትንሽ አስቸገረኝ፤ ብልጥ አይጥ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ እየጮኽኩ ወጣሁ።

«አገኘሁት! አገኘሁት! አባዬ፣ ፒኑን አገኘሁት!»

አራቱም ግቢው ውስጥ ነበሩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፒኑን ከጭንቅላቴ በላይ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ጭብጨባውን እየጠበቅኩ። መነጽር መነጽሩን አወለቀ። ዓይን ነበረው፤ ትንንሽና ቀይ፤ ወደ መሬት ነበር የሚያዩት። ጸጥታውን በብልጠቴ መደነቅ አድርጌ ወሰድኩት።

«ከየት አገኘሽው?» አለች አክስቴ።

አፌን ከፈትኩ።

«ሶፋው ሥር» አለች እናቴ። ቶሎ ነበር ያለችው። «ሶፋው ሥር ነው አይደል፣ የኔ ልጅ? ትናንት እዚያ ስትጫወቺ ነበር።»

እናቴ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የአባቴን ካርቶን ስለከፈትኩ እንዳይቆጣኝ እያዳነችኝ ነው አልኩ። «አዎ» አልኩ። «ሶፋው ሥር።»

አባቴ መጥቶ ፒኑን ከእጄ ወሰደ። ካልሲው ከኪሴ ተንጠልጥሎ ነበር። አየው። «ጎበዝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀልጠፍ አለ። ፒኑ በጋንቹ ገባ፣ ቀጭ አለ። መጠባበቂያ ሰንሰለቶቹ ከሥሩ ተሻግረው ታሠሩ። መነጽር ከኋላ ቆሞ መብራቱን ተናገረ፤ «ግራ፣ ይሠራል። ቀኝ፣ ይሠራል። ፍሬን፣ ይሠራል» አለ፣ ሐኪም ቤተሰብ ሲያነጋግር በሚጠቀምበት ድምፅ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። አክስቴ እናቴን አቅፋ ቆየች፤ ሲላቀቁ የአክስቴ ፊት ረጥቧል። ዱቄቱን ስለደፋች አዝና ነው ብዬ አሰብኩ።

መሀል ተቀመጥኩ። በግራዬ አባቴ፣ በቀኜ እናቴ። መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ማንም ምንም አልተናገረም፤ ደስታ እንዲህ ጸጥ ያለ ነገር ነው ብዬ አመንኩ። በኋላ መስታወት ሞተሩን አያለሁ፤ የጣት ያህል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ አባቴ አቁሞ ወረደ። ማሠሪያው አልላላም ነበር። ቢሆንም አራቱንም አንድ በአንድ እየነካካ ዞረ፤ እንደገናም ዞረ። እናቴ በጎን መስታወቱ ታየው ነበር፤ እጇ የበሩ መክፈቻ ላይ ነው። ሲመለስ እጇን አነሣች።

የተከራየችው ክፍል በር ላይ «እኔ ልፍታው» አለች። ባስተማራት ተራ ፈታችው፣ ከኋላ ጀምራ፣ ግራና ቀኙን እኩል እያላላች። ሞተሩን አብረው አወረዱት። ከዚያ ቆሙ።

«ነፋሱን» አለ አባቴ።

«ጠዋት ጠዋት» አለች እናቴ።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሞተ። እናቴ መጥታ ልብሱን ከእኔ ጋር አጠፈች። የክት ጫማውን ከካርቶኑ አወጣሁ፤ ያው ጫማ ነው፣ ሶሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። እናቴ የግራውን ተቀበለችኝና በእጇ መዘነችው።

«ያኔ ከበድ ይል ነበር» አለች።

እኔ ሸሚዝ ማጠፌን ቀጠልኩ። «ታውቂ ነበር?»

«ቅዳሜ ሻንጣ ሳወጣ ነው ያየሁት። ካልሲውን እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«እሱ ነበር መናገር ያለበት። ጫማ ውስጥ የከተተውን በአፉ ይበለው ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቃል። ‹ቅሪ› ቢል ሁለት ፊደል ነው።» ጫማውን ከጓደኛው ጎን አስተካክላ አስቀመጠችው። «እሑድን እስከ ምሳ ልጠብቀው ነበር፣ እስከ ስድስት ሰዓት።»

«ባይልስ?»

«ባይልስ» አለች። አሰበች። «እንጃ። ሰኞ ያልፍ ነበራ።»

ከዚያ ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንድ አደረግን። አንዳንዶቹ ጥንድ አልነበራቸውም።

እኔ አሁን የመለዋወጫ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው የምሠራው። የተጎታች ፒን የሚጠይቅ ሲመጣ ሁለት ይውሰዱ እላለሁ፤ ይጠፋል። አብዛኛው ሰው አንድ ይበቃኛል ይላል። ስለዚያ ጠዋት ሳስብ ጥፋተኝነት ይሰማኝ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ አውቃለሁ። በር ጣቴን እንደቆረጠኝ ቀን ነው፤ ደም አለ፣ ሰው ይሯሯጣል፣ እኔ ጣቴን አያለሁ፤ ሕመሙ ገና አልመጣም።

በዚያ እሑድ ተመልሰን የመጣነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ባዶ ተጎታች ከተጫነ ይልቅ ይንጫጫል፤ በየጉድጓዱ ይዘላል፣ የሚይዘው ክብደት የለውም። አባቴ ቀስ ብሎ ነዳ። እኔ አሁንም መሀል ነበር የተቀመጥኩት፤ በቀኜ ቦታ ሞልቶ ሳለ።

ግቢ ስንደርስ ተጎታቹን ፈታ። ፒኑን ነቅሎ በጨርቅ ጠረገው፣ ቅባቱ እስኪለቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንቺ ጋ ይሁን» አለኝ። «አንቺ ዕቃ አይጠፋብሽም።»

አባቴ አምኖ የሰጠኝ የመጀመሪያው ዕቃ ነበር። ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።